የተላጠውን ጠረጴዛ ከመጣልዎ በፊት

ሸሕዲ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ያስጨንቃል፤ ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያድራል። በዚህ ሙቀትና እርጥበት መካከል የቤት ዕቃ ምን ያህል እንደሚፈተን መገመት አያዳግትዎትም።

በዚህችው ከተማ ሻይና ዳቦ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ያጫወቱንን እናካፍልዎ። እኒህ እናት የሚኖሩት በአንድ ክፍል ቤት ነው። ያላቸው ጠረጴዛም አንድ ነው፤ ከጎንደር በጭነት መኪና የመጣ፣ ውስጡ ቺፑድ፣ ፊቱ ፎርማይካ የለበሰ ጠረጴዛ። ጠዋት ከደጅ ወጥቶ ብርጭቆ ይደረደርበታል። ከቀትር በኋላ የዳቦው ሊጥ ይድቦለቦልበታል። ማታ ወደ ቤት ይገባና ሁለቱ ልጆች የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ጣራው አፈሰሰ፤ ውሃውም በጠረጴዛው ጠርዝ ሰርጎ ገባ። ሁለት ቀን ሳይሞላው ጠርዙ እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ ፎርማይካውን ከላዩ ገፍቶ አነሣው። ብርጭቆ ሲቀመጥበት ያጋድላል፤ የልጆቹ ደብተርም በተሰነጠቀው ጫፍ እየተያዘ ይቀደድ ጀመር። እናትየው ተስፋ ቆርጠው ለማገዶ ሊፈልጡት መጥረቢያ እስከ ማንሣት ደርሰው ነበር።

መጥረቢያውን መልሰው ማስቀመጣቸው በሁለት በኩል በጀ። አንደኛው ጠረጴዛው የሚድን ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ቺፑድ ለማገዶ የሚሆን እንጨት አይደለም። ቺፑድ የሚሠራው የእንጨት ፍቅፋቂ በኬሚካል ሙጫ ተለውሶ በሙቀት ተጨምቆ ስለሆነ፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ለጤናም ጐጂ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት፣ ሕፃን በታዘለበት ማድ ቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊነድ አይገባውም።

የችግሩን ሥር ለመረዳት ጠረጴዛውን ከጐኑ ይመልከቱት። ፊቱን የሸፈነው ፎርማይካ በሙጫ የተነከረ ወረቀት ተደራርቦ የተጨመቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ሲፈለሰፍ ለኤሌክትሪክ ሥራ ማይካ የተባለውን ማዕድን እንዲተካ የታሰበ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ውሃ ከላይ ቢፈስበት ብዙም አይጐዳውም። ደካማው ቦታ ጠርዙ ነው። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ሽፋን ሲላጥ ቺፑዱ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ ፍቅፋቂው ያብጣል፤ ሙጫው ይለቃል። አንድ ጊዜ ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ስለዚህ የውሃ ጠብታ ያዩበትን ጠርዝ ዛሬ ነገ ሳይሉ ቶሎ መድረስ ነው።

እኒያ እናት መጀመሪያ ላይ ቸኩለው ነበር። ሙጫ ገዝተው እርጥቡን ጠርዝ ለጠፉት፤ በሳምንቱ መልሶ ተነሣ። ገንዘባቸው ከሰረ። ጐረቤታቸው የሆኑ አናፂ አይተው፣ ያልደረቀ ቺፑድ ሙጫ እንደማይዝ ነገሯቸው። የጥገናው ዋና ምሥጢር ይኸው ነው፤ ማድረቅ። ጠረጴዛውን ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ያቁሙት። የቀትር ፀሐይ ላይ ግን አያውጡት፤ ፎርማይካው ይጣመማል። በበጋ ጥቂት ቀናት ሊበቁት ይችላሉ፤ በክረምት ግን ከሳምንት በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ ማታ በፌስታል አጥብቀው ይሸፍኑት፤ ጠዋት ሲገልጡት ፌስታሉ ከውስጥ ላብ ካለው ገና ነው።

ሲደርቅ የላላውን ፍርፋሪ ጠርገው ያውጡ። አናፂዎች ኮላ የሚሉትን ነጭ ሙጫ በአሮጌ ቢላዋ ጫፍ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ያስገቡ። ከላይና ከታች ፌስታል አድርገው፣ በሁለት ጣውላ መካከል አጣብቀው፣ ሞርሳ ከሌለዎት በገመድ ጠፍረው ክብደት ይጫኑበት። ውሃ የተሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከየትኛውም ድንጋይ የተሻለ ነው። ተቆርሶ የጐደለ ቦታ ካለ፣ ከአናፂ ቤት ሰጋቱራ ለምነው በወንፊት ይንፉና ከኮላ ጋር እንደ ገንፎ እስኪጠነክር ያሹት። ጐድጓዳውን ከልኩ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉት። በማግሥቱ በብርጭቆ ወረቀት እስኪስተካከል ይፈግፍጉት፤ አፍንጫዎን በሻሽ ይሸፍኑ። ነጭ ኮላ ውሃ ስለማይችል ሥራው ያለ ዘይት ቀለም አይፈጸምም። ጠርዙን ዙሪያውን፣ ሰው የማያየውን የታችኛውን ፊት ጭምር፣ ሁለት ጊዜ ይቀቡት። ብዙዎቻችን የምንስተው የታችኛውን ነው።

ከሥሩ የተነሣውን ፎርማይካ ለመመለስ ጫማ ሰፊዎችም የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ያገለግላል። በሁለቱም በኩል በስሱ ተቀብቶ፣ በጣት ሲነኩት መጣበቁን እስኪተው ይቆይና ይጫናል። አንዴ ከተያያዘ ማስተካከል ስለማይቻል ልኩን አስቀድመው ይያዙ። ማስቲሽ ሽታው ያሰክራል፤ ከእሳትም ጋር ጠበኛ ነው። ከሰል ማንደጃው ባለበት ክፍል ውስጥ ቆርቆሮውን እንዳይከፍቱ አደራ እንላለን። በአንድ ክፍል ቤት ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ሥራው ከደጅ ይሁን፤ ልጆችም ይራቁ።

ትኩስ ድስት ተቀምጦበት ፎርማይካው እንደ ፊኛ ካበጠ መድኃኒቱ ራሱ ሙቀት ነው። ወፈር ያለ ጨርቅ አንጥፈው ለብ ባለ ካውያ ጥቂት ቢያሞቁት ሙጫው ይለሰልሳል፤ ወዲያው ክብደት ጭነው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካውያውን ሳልለካ በጋለበት አሳርፌ የቤቴን ጠረጴዛ አጥቁሬዋለሁ። የጠቆረ ፎርማይካ አይነጻም። እስከ ዛሬ የአበባ ማስቀመጫ አስቀምጬበት እኖራለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ማንሣት የለም።

የእርስዎ ጠረጴዛ ከዋንዛ ተሠርቶ ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ብርጭቆ የተወው ነጭ ክብ እርጥበት ቫርኒሹ ውስጥ ሲቀር የሚታይ ስለሆነ፣ በደንብ የተነፋ አመድ በጥቂት ዘይት ለውሰው በለስላሳ ጨርቅ ቢያሹት ብዙውን ጊዜ ይለቃል። በሸሕዲ የሰሊጥ ዘይት ሩቅ አይደለም።

ነገር ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሆንበት ቤት ስናነሣ በመኪና ላይ የተሠሩት ቤቶች ትዝ ይሉናል። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች፣ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ በመተማ በኩል ይገቡ ነበር። አንዳንዶቹ የሚነዱት ማድ ቤቱም መኝታውም በውስጡ ያለ መኪና ነው። እዚያም ጠረጴዛው አንድ ነው፤ ይበላበታል፣ ካርታ ይዘረጋበታል፣ በብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ ማታ ዝቅ ተደርጎ ፍራሽ ሲነጠፍበት አልጋ ይሆናል። ክብደት ለመቀነስ ከቀላል ጣውላ ስለሚሠራ ውሃና ትኩስ ድስት ያጠቁታል። ባለሀብቱም ቢሆን የሚጠግነው በሙጫ፣ በክብደትና በትዕግሥት ነው።

የማይድነውንም እንንገርዎ። ቺፑዱ እስከ መሐል ድረስ አብጦ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ ገንዘብዎን አያባክኑ። እግሮቹን አስቀርተው ላዩን ብቻ በጣውላ ያስለውጡ። በቆላ አገር ምስጥም ስላለ እግሮቹን በባዶ መሬት ላይ አያቁሙ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያሳርፉና ከታች የጭቃ መስመር ሲያዩ ወዲያው ይጥረጉ።

የሸሕዲዋ እናት ጠረጴዛ ዛሬ ጠርዙ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከፎርማይካው ጋር አይመሳሰልም። ማንቆርቆሪያው የሚያርፈው በሰሌን ቁራጭ ላይ ነው። ሽንኩርትና ሥጋም በመክተፊያ ላይ ይከተፋል እንጂ ቢላዋ ጠረጴዛውን አይነካም። ጣራውን ግን ገና አላስጠገኑትም፤ እስከ ሰኔ ድረስ ቆርቆሮ ለመግዛት ከሻዩ ገንዘብ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ ነው። እስከዚያ ማታ ማታ ልጆቹ ደብተራቸውን ሲያነሡ ጠረጴዛውን ወደማያፈሰው ጥግ ይገፉታል።