ትምህርት ቤቶችን በምን እናወዳድር? ለወልቂጤና ለቡታጅራ ወላጆች የሚጠቅሙ መለኪያዎች

የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር በወልቂጤና በቡታጅራ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጃቸውን በየትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያስመዘግቡ እንደሚሻል ይጠያየቃሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት አንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ተጠሪነታቸውም ለአንድ የከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ይሁን እንጂ በመካከላቸው ልዩነት መኖሩን ኅብረተሰቡ ያውቃል። ልዩነቱ የሚለካው ግን ብዙውን ጊዜ በስም፣ በግቢው ውበትና በአንድ ዓመት የፈተና ውጤት ነው። እነዚህ መለኪያዎች ወላጅን ሊያሳስቱ፣ ትምህርት ቤትንም ያለ ጥፋቱ ሊያስወቅሱ ይችላሉ።

የንጽጽሩ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ትምህርት ቤት “ደካማ” የሚል ስም ሲወጣለት፣ አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወይም ስሙ ወደሚነሳ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይወስዳሉ። በዚያ የሚቀሩት ሌላ አማራጭ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ከወላጆቹ ጋርም በስብሰባ የሚሟገትና መዋጮ የሚያሰባስብ ጉልበት አብሮ ይሄዳል። ስሙ የሚነሳው ትምህርት ቤት በበኩሉ ክፍሎቹ ይጨናነቁበታል።

የኢንስፔክሽን ደረጃ ምን ይነግረናል?

በአገራችን ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር ያለው ይፋዊ መለኪያ የኢንስፔክሽን ምዘና ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ማዕቀፍ መሠረት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ይህ ምዘና 26 ስታንዳርዶች ነበሩት። ስታንዳርዶቹ በሦስት ይከፈላሉ። ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35 በመቶ፣ ውጤት ደግሞ 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 የሚደርሰው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ያስመዘገበው ደረጃ 4 ይሰጠዋል። ደረጃ 1 እና 2 “ከደረጃ በታች” ተብለው ይመደባሉ።

ወላጅ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ አንድ ዓይነት ደረጃ ያገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች በባሕርያቸው ሊለያዩ መቻላቸው ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ከግብዓት 22፣ ከሂደት 21፣ ከውጤት 22 ነጥብ አገኘ እንበል። ሌላው ከግብዓት 11፣ ከሂደት 26፣ ከውጤት 28 አገኘ። የሁለቱም ድምር 65 ስለሆነ ሁለቱም ደረጃ 2 ናቸው። የመጀመሪያው ሕንፃና መጽሐፍ አለው፤ ማስተማሩ ግን ተዳክሟል። ሁለተኛው በተጣበበ ግቢ ውስጥ በርትቶ ያስተምራል። የመጀመሪያው የሚያስፈልገው የርእሰ መምህርና የሱፐርቫይዘር ክትትል ሲሆን፣ የሁለተኛው ፍላጎት መቀመጫ ወንበርና ተጨማሪ ክፍል ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ብቻ ጠይቆ ከመመለስ ይልቅ ሦስቱን ነጥቦች ለየብቻ መጠየቅ ይበጃል።

የፈተና ውጤት ሲነበብ

ብዙዎች የሚመለከቱት ሁለተኛው መለኪያ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ነው። በአዲሱ የትምህርት እርከን መሠረት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ቢሆኑም፣ ሁለቱን እርከኖች በአንድ ግቢ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። በእነዚህ ዘንድ የማለፍ ምጣኔው የትምህርት ቤቱ መታወቂያ ይሆናል።

ምጣኔው ግን ለፈተና የተቀመጡትን እንጂ በመንገድ የቀሩትን አይቆጥርም። ሁለት ትምህርት ቤቶች በ7ኛ ክፍል መቶ መቶ ተማሪዎች ነበሯቸው እንበል። በመጀመሪያው ለፈተና የደረሱት 60 ብቻ ሲሆኑ 54 አለፉ፤ ምጣኔው 90 በመቶ ይሆናል። በሁለተኛው 95 ተፈትነው 76 አለፉ፤ ምጣኔው 80 በመቶ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያው ይበልጣል። ከተመዘገቡት መቶ ልጆች ለስኬት ያበቃቸው ግን ሁለተኛው ሲሆን፣ የሚበልጠውም በ22 ተማሪዎች ነው። ስለሆነም ከማለፍ ምጣኔ ጎን የማቋረጥና የመድገም ምጣኔ መነበብ አለበት።

የችግሩ ሥር የሚገኘው ከፈተናው በፊት ባሉት ዓመታት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ 1,161 ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ይታወሳል። የዓለም ባንክ ግምትም በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት ልጆች መካከል 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ያመለክታል። በመሆኑም አንድን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመመዘን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ፣ ልጆቹ 2ኛና 3ኛ ክፍል ሲደርሱ ማንበብ ችለዋል ወይ የሚለው ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምሥረታ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ሁለቱም የንግድና የመንገድ ከተሞች እንደመሆናቸው ከየገጠሩ የሚመጡ ቤተሰቦችን ይቀበላሉ። በቤቱ ጉራጊኛ ወይም ስልጢኛ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ንባብን በአማርኛ ሲጀምር ከፊደሉ ጋር ቋንቋውንም ይማራል። እንዲህ ያሉ ልጆችን በብዛት የሚያስተምር የከተማ ዳርቻ ትምህርት ቤት፣ አማርኛ ተናጋሪና ቅድመ መደበኛ ትምህርት ያገኙ ልጆችን ከሚቀበል የመሐል ከተማ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ቁጥር ብቻ ቢወዳደር ፍርዱ ሚዛናዊ አይሆንም። ፍትሐዊው ንጽጽር ተመሳሳይ ተማሪዎችን በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች መካከል፣ አለዚያም አንዱን ትምህርት ቤት ከራሱ የቀደሙ ዓመታት ውጤት ጋር በማስተያየት የሚደረገው ነው።

የኅብረተሰብ ድጋፍም ልዩነት ይፈጥራል። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ በመሠረተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አማካይነት መንገድና ትምህርት ቤት በራሱ መዋጮ የመሥራት ታሪክ አለው። ዛሬም በመስቀል በዓል ከየከተማው የሚመለሱ ተወላጆች ስለ አካባቢያቸው ልማት ይመክራሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው “ትምህርት ለትውልድ” ንቅናቄም በዚሁ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ላይ የተመሠረተ ነው። ድጋፉ ግን ብዙ ጊዜ የሚሄደው ደጋፊ ወዳለው ትምህርት ቤት ነው። በከተማ ደረጃ የተዘጋጀ ግልጽ ንጽጽር ካለ፣ የትኛው ትምህርት ቤት አስታዋሽ እንዳጣ ለማየት ያስችላል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

በምዝገባ ወቅትም ሆነ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የሚከተሉትን መጠየቅ ይቻላል።

በ1ኛና 2ኛ ክፍል በአንድ ክፍል ስንት ልጆች ይማራሉ? ለአንደኛ ደረጃ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ? እያንዳንዱ ልጅ መጽሐፉን ወደ ቤት ይዞ ይሄዳል? የትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ከመስቀል በዓል ጋር ስለሚቀራረብ፣ መደበኛው ትምህርት የሚጀመረው በየትኛው ሳምንት ነው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ትምህርት ያቋረጡት ስንት ናቸው? በመጨረሻው ኢንስፔክሽን ከግብዓት፣ ከሂደትና ከውጤት ምን ያህል ተገኘ? ከዚያስ ወዲህ ምን ተሻሻለ?

ከዚህም ሌላ ምንም ወጪ የማይጠይቅ መለኪያ አለ። ከ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ልጁ ገና ያልተማረውን ገጽ ከፍቶ ማስነበብ፣ ቀጥሎም ያነበበውን በራሱ አነጋገር እንዲናገር መጠየቅ ነው። 3ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይህን ማድረግ ካልቻለ ወላጅና መምህር ጊዜ ሳያጠፉ ሊመክሩበት ይገባል።

የከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም የየትምህርት ቤቱን የግብዓት፣ የሂደትና የውጤት ነጥብ ለይተው ለሕዝብ ቢያሳውቁ፣ ወላጅ በወሬ ከመመራት ይድናል። መምህርም፣ መጽሐፍም፣ በጀትም ይበልጥ ወደሚያስፈልግበት ግቢ እንዲመደብ ማስረጃ ይሆናል። ልጅን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ማዛወር የሚጠቅመው ለአንድ ቤተሰብ ነው፤ ወደኋላ የቀረውን ትምህርት ቤት ለይቶ መደገፍ ግን በዚያ ለሚማሩት ልጆች ሁሉ ይተርፋል።