ባለ 5 ይሻላል ባለ 10?

መተማ ዮሐንስ ላይ የሞባይል ጥገና ሊከፍት ያሰበ ወጣት የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ፓወር ሰፕላይ ባለ 5 ይሻላል ባለ 10?» አምፔሩን ማለቱ ነው። ሻጮቹም ፊቱ ላይ በትልቁ የሚያሳዩት ያንኑ ቁጥር ነው። እኔ መልሼ፣ «ለመሆኑ ምን ልትጠግንበት ነው?» እለዋለሁ።

እዚህ ቆላ የሚመጣልን ሥራ ይታወቃል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ስልኩን፣ ሬዲዮኑንና ትንሿን የሶላር መብራት ይዞ ይመጣል። ስልክ በ4 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ቢበዛ 2 አምፔር ቢጎትት ነው። ሬዲዮኑ ከዚያም ያንሳል። 10 አምፔር የመኪና አምፕሊፋየር ለሚፈትሽ ይሁን።

ትልቁ ቁጥር ደግሞ ጉዳትም አለው። ሾርት የሆነ ቦርድ ሲመጣ ሥራው ሁሉ ያለው አምፔሩን በሚገድበው መዞሪያ ላይ ነው። 4 ቮልት ላይ አድርጌ፣ ገደቡን ዝቅ አድርጌ አገናኛለሁ። የስልኩ ማብሪያ ሳይነካ አምፔሩ ገደቡ ላይ ከተሰቀለና ቮልቱ ከወደቀ ዋናው መስመር ሾርት ነው። ከዚያ ወደ 1 ቮልት አውርጄ አምፔሩን ቀስ እያልኩ እጨምራለሁ፤ ቦርዱ ላይ አልኮል እቀባለሁ። ቀድሞ የሚደርቅበት ቦታ ጥፋተኛው ኮንደንሰር ያለበት ነው። (በሚያዝያ ሱቁ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አልኮሉ ሁሉም ቦታ ላይ ባንዴ ስለሚተን ይህን ሥራ ለማለዳ አቆየዋለሁ።) እንግዲህ አንድ ዙር ብቻ የምትዞር መዞሪያ ከ0 እስከ 10 አምፔር ስትሸፍን፣ ጣት ትንሽ ቢያመልጥ አንድ አምፔር ይጨመርና ኮንደንሰሩን ስንፈልግ አይሲውን እናቃጥላለን። በባለ 5 ያው መንሸራተት ግማሹን ብቻ ይጨምራል።

ገንዘብ ከተረፈ ማሳያው ላይ ይዋል። ባለ ሦስት አሃዝ ማሳያ ከ10 ሚሊ አምፔር በታች አይለይም። 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ጠፍታ ሳለች 4 ሚሊ አምፔር ብታፈስ በ10 ቀን ግድም ባዶ ትሆናለች፤ ማሳያው ግን 0.00 ይላል። መብራት በሌለበት የእርሻ ካምፕ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ብልሽት አይደለም። አራት አሃዝ ያለውን ግዙ።

ወደ ሱዳን ገዳሪፍ ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በዞናችን ያልፋል፤ የሱቃችን መብራት ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ራሱ ቀድሞ ወደ ቦርዱ የሚልክ ፓወር ሰፕላይ አልወድም። የመውጫ ማብሪያ ለብቻው ያለውና እስክንጫነው ዝም የሚለው ይሻላል። ከጀርባው የ110ና የ220 መምረጫ ካለም 220 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩ፤ 110 ላይ ሆኖ ከተሰካ ያን ጊዜውኑ ይቃጠላል።

ትራንስፎርመር ያለው ከባዱ ሊኒየር ይሻላል የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። ለደጋ ሰው እሺ። ውስጡ 15 ቮልት ይዞ 4 ቮልት በ2 አምፔር ቢያወጣ፣ የቀረው 11 ቮልት 22 ዋት ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ገንዳ ውሃና መተማ ላይ ሙቀት የሚጨምር ዕቃ ማን ይፈልጋል? ሌላው ዓይነት፣ ስዊቺንጉ፣ ቀላልም ነው፣ ብዙም አይግልም። ሬዲዮ ላይ ግን ጩኸት ይለቃል፤ ሬዲዮ ስፈትሽ ፓወር ሰፕላዩን አጥፍቼ ከባትሪ እሰጣለሁ።

ጎንደርም ሆነ መርካቶ ለመግዛት ስትሄዱ ባለ 12 ቮልት 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖልና ቴስተራችሁን ያዙ። 12 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አምፖሉን አብሩ። ቀዝቃዛ አምፖል መጀመሪያ ብዙ ስለሚጎትት አምፔሩ ገደቡ ላይ መድረሱን የሚያሳየው ሲሲ (CC) የሚለው መብራት ብልጭ ቢል አትደንግጡ። ከዚያ 4 ተኩል አምፔር አካባቢ ረግቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ቮልቱን በራሳችሁ ቴስተር ለኩ። ከወረደ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካመጣ ተዉት። ሻጩ አላስፈትንም ካለ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።