ከሪያድ የመጣው «ቺፕስ» በሬ ሊያሸጥ ነበር!

ዛሬ የያዝኩላችሁ የልብ ጉዳይ አይደለም። ቢሆንም ከልብ ጉዳይ የማይተናነስ ገንዘብ ሊያስወጣ የነበረ ነገር ነው።

ወግዲ የሚኖር አንድ ወጣት አለ። በቦክሰር ሞተር ሳይክሉ ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን ይረዳል። ሪያድ በሥራ ላይ ያለች እህቱ «ቺፕስ» የሚሏትን፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ጥቁር ሳጥን ላከችለት። «ስትገጥመው እንደ ጥይት ይወነጨፋል ብለውኛል» አለችው። እሱም ወንበሩን አንስቶ፣ ታንኩን አውርዶ ሁለት ቀን ታገለ። የሳጥኗ ሶኬት የሚገባበት ቦታ የለም! የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ያንተ ሞተር ፋራ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ግዛ።» ከዚያ ወዲህ አባቱን ከጥማዱ አንዱን በሬ ሽጡልኝ እያለ ማግባባት ያዘ። ስልኬን በሰው በሰው አግኝቶ የደወለልኝ «የትኛውን ሞተር ልግዛ?» ብሎ ለመጠየቅ ነው።

«ቆይ የኔ ወንድም፣ ያንተው ካርቡራተር አለው?»

«አዎ፣ አለው።»

«እንግዲያው ሳጥኗ ላንተ ሞተር አልተሠራችም። በሬው ይቆይ።»

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን ይህን ለመረዳት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ሞተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ያቃጥላል። እንደ ቦክሰር ባሉት ላይ ቤንዚኑን የሚመጥነው ካርቡራተሩ ነው። ውስጡ መካኒኮች «ጂግሌር» የሚሏት መሐሏ የተበሳ ትንሽ ናስ አለች፤ ቤንዚኑ በሷ በኩል ያልፋል፣ በቃ። ኢንጀክሽን በሚባሉት ሞተሮች ግን ኢንጀክተሩ ለስንት ጊዜ ተከፍቶ ቤንዚን ይርጭ የሚለውን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። እንደ ዳይኖጄቱ ፓወር ኮማንደር ያሉት ሳጥኖች በኮምፒውተሩና በኢንጀክተሩ መሐል ገብተው ትእዛዙን ይቀይራሉ። ኮምፒውተሩ 4 ሚሊ ሰከንድ ብሎ ሲያዝ ሳጥኗ 10 በመቶ ጨምራ 4.4 ታደርገዋለች። ኢንጀክተር ለሌለው ሞተር ታዲያ ይህ ምኑ ነው? አስፋልት ለሌለው ቀበሌ የትራፊክ መብራት እንደ መላክ ነው።

የናንተው የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ የቾክ ማንሻ አለው? ካርቡራተር ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ የነዳጅ ፓምፕ ለጥቂት ሰከንድ «ዝዝዝ» ብሎ፣ የሞተር ምልክት ያለበት መብራት በርቶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ኢንጀክሽን ነው።

ልጁ ግን አንድ እውነት ነበረው። «ሰው ጭኜ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ወላሂ!» ይላል። አልዋሸም። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ታልፋለች። እዚያ ስትደርሱ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም ማለት ነው! ካርቡራተሩ ደግሞ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሰዋል። ያኔ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚኑም ቶሎ ያልቃል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ክፈት አልኩት። የፒስታ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ልክ እንደ ከፍታው ያንቃል፤ መጥረጉ ደግሞ ነጻ ነው። ከዚያ ካንዴላውን ፍታና ቀለሙን እይ፦ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል። ፊልትሮው ጸድቶም የሚጠቁር ከሆነ ቁጥሯ አንድ ደረጃ ያነሰች ጂግሌር ይቀየርለት።

እዚህ ላይ ግን የወግዲ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ወረዳው በዓባይ ሸለቆ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ጂግሌሩን ለደጋ አሳንሶ ሳይቀይር ወደ ዓባይ በረሃ የሚመላለስ ሰው፣ ታች ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተን እስከ መብላትም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ታች ትወርዳለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «በየሳምንቱ» አለኝ። እንግዲያው ጂግሌሩን አትንካ፤ ሰንሰለቱን የሚጎትተውን የፊት ጥርስ ቀይር አልኩት። 14 ከሆነ 13 ይግባለት። ሜዳ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያገኛል። ሰው የጫነ ልጅ ፍጥነቱን ምን ያደርገዋል?

ኢንጀክሽን ያላችሁ አራዶች ደግሞ አትኩሩ! የናንተ ኮምፒውተር የአየር ግፊቱን በራሱ ለክቶ ቤንዚኑን ያስተካክላል፤ ለከፍታ ብላችሁ ሳጥን አትግዙ። ማርሚታና ፊልትሮ ቀይራችሁ ከሆነ ግን ትጠቅማለች። ስትገጥሙ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ የሳጥኗን ኔጌቲቭ ገመድ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ሳይሆን ባትሪው ላይ እሰሩ። ከጭስ ማውጫው ላይ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ካለ መመሪያውን አንብቡ፤ ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ሳጥኗ የጨመረችውን ኮምፒውተሩ መልሶ ይቀንሰዋል። ሞተሩ አልነሳ ካለ ፊውዙን እዩ፣ ሶኬቶቹ «ቀጭ» ብለው መግባታቸውን እዩ። አሁንም እምቢ ካለ ሳጥኗን አውጡና የድሮውን ሶኬት መልሱ። ከተነሳ ችግሩ ሳጥኗ ወይም አገጣጠማችሁ ነው፤ ካልተነሳ ሳጥኗን አትርገሙ። ገመድ ቆርጦ በፕላስተር የሚጠቀልል መካኒክ ካጋጠማችሁ ግን ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ልጁ በሳምንቱ ደወለ። ፊልትሮው ውስጥ የተቋጠረው አፈር ጎመን ያበቅላል አለኝ! የፊት ጥርሱን ከደሴ በሚመጣ ሰው አስልኳል። በሬው ቤት ነው። «ሳጥኗንስ ምን ላድርጋት?» አለ። ለአንድ ዓይነት ሞተር ተብላ የተሠራች ስለሆነች ማሸጊያዋ ላይ ያለውን የሞተር ስም፣ ሞዴልና ዓመት ጽፎ እንዲልክልኝ ነገርኩት፤ ገዢው ያንኑ ሞተር የያዘ መሆን አለበት። ለእህቱ ግን እስካሁን አልነገራትም።