ሱቁ እስከ ምሽት፣ ሰውነትስ እስከ መቼ?

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ከንጋት እስከ ምሽት በሱቅ ውስጥ ቆመው ስለሚውሉ ወንድሞችና እህቶች እንነጋገራለን።

እስቲ አንዲት እህት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። መኖሪያዋ ከከተማው ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። ሱብሒን ትሰግድና ለታናናሾቿ ቁርስ አሰናድታ፣ እሷ ግን ሳትቀምስ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ከጠዋቱ 2፡30 ላይ መርካቶ ደርሳ ሱቁን ትከፍታለች፤ ዕቃ ታወጣለች፣ ትደረድራለች። ገበያው ከደራ ሻይ እንኳን ፉት ሳትል ስድስት ሰዓት ይሞላል። ምሳ አንድ ቀን በስምንት ሰዓት፣ ሌላ ቀን በአሥር ሰዓት ነው፤ ደንበኛ ከበዛ ደግሞ አንድ ሳምቡሳና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይሆናል። ማታ ቤቷ ስትገባ እግሯ ከማበጡ የተነሣ ጫማው አልወጣ ይላታል። ጨጓራዋ ይቃጠላል። ደክሟት ሳለ እንቅልፍ ቶሎ አይመጣላትም።

ይህች እህት አንድ የታወቀች ሰው አይደለችም። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ከዱባይ ተራ እስከ በርበሬ ተራ ያሉ የብዙ ተቀጣሪዎች ቀን ይህን ይመስላል። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፦ የሥራው ሰዓት እየረዘመ ሲሄድ ጤናችንን እንዴት እንጠብቅ?

ሰዓቱ ለምን ረዘመ?

መርካቶ አሁን ባለበት ስፍራ ገበያ ሆኖ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለረጅም ዓመታትም ጀንበር ስታዘቀዝቅ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶችና በኮሪደር ልማት አካባቢዎች ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ድረስ ክፍት ሆነው እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደንብ አውጥቷል። በዚህ ላይ የበዓል ሰሞን ገበያ፣ የኑሮ ውድነትና የቤት ርቀት ሲታከሉበት የሠራተኛው ቀን ይለጠጣል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከጠዋቱ 2፡30 የተከፈተ ሱቅ ምሽት 3፡30 ላይ ሲዘጋ 13 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን በሳምንት ስድስት ቀን ይህን ከሠራ 78 ሰዓት ቆመ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም ቢሆን የሚፈቀደው በተወሰኑ ምክንያቶች ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም ከመደበኛው ከፍ ያለ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣቶች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠሩ አይፈቀድም፤ እነሱንም ሆነ ነፍሰ ጡር እናቶችን በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። የከተማው ደንብ ሱቁ ክፍት ይሁን ይላል እንጂ አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይቁም አይልም። ሱቅ በፈረቃ ሊሠራ ይችላል፤ የሰው ሰውነት ግን ፈረቃ የለውም።

ረጅም ሰዓት በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በጋራ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ አድርገው ነበር። በጥናቱ መሠረት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በዓለም ዙሪያ 745 ሺህ ያህል ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል። የእኛ የሱቅ ሠራተኛ 78 ሰዓት ከዚህ መስመር ምን ያህል እንደራቀ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

እግር፦ ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ ሲኮማተር እየገፋው ነው። ስንራመድ ጡንቻው ይሠራል፤ ሳንነቃነቅ ስንቆም ግን ደሙ ወደ ታች ይጠራቀማል። ማታ ማታ እግር የሚያብጠው፣ በጊዜ ብዛትም የእግር ደም ሥሮች ተወጣጥረውና ተጠማዘው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሲሚንቶ ወለል ላይ በስስ ነጠላ ጫማ መቆም ደግሞ ተረከዝንና ወገብን ያሳምማል።

ጨጓራ፦ ብዙዎቻችን የጨጓራ ሕመም የሚመጣው ምሳ በማሳለፍ ብቻ ይመስለናል። ለጨጓራ ቁስለት ዋነኞቹ ምክንያቶች ግን ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለች ባክቴሪያና እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ወገቡን ያመመው ሠራተኛ በባዶ ሆዱ በየቀኑ ማስታገሻ ሲውጥ የወገቡን ሕመም ወደ ጨጓራው፣ ሲብስም ወደ ኩላሊቱ እያዛወረ ነው።

ውኃና ሽንት፦ በገበያው ውስጥ መጸዳጃ ቤት እንደልብ ባለመገኘቱ በተለይ እህቶች ሆን ብለው ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ፤ ሽንትም ይይዛሉ። ይህ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል። ራስ ምታትና ድርቀትም ብዙ ጊዜ ከውኃ ማነስ የሚመጡ ናቸው።

ስኳር፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም፣ ማለትም ከ12 የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ ከ25 ግራም ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በዚያ ላይ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ ሌላ 12 ማንኪያ ይሆናል። ይህ ጉልበት ለጊዜው ቢሰጥም ቶሎ ይወርድና ሰውነት ሌላ ስኳር ይጠይቃል።

እንቅልፍ፦ ምሽት 3፡30 የዘጋ ሰው ትራንስፖርት ጠብቆ፣ እራት በልቶ እስኪተኛ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ለሱብሒ ሲነሣ የተኛው አምስት ሰዓት ያህል ነው። አዋቂ ሰው ግን ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አንዳንዶች ይህን ጉድለት በጫት ለመሙላት ይሞክራሉ። ጫት ድካሙን አያስወግድም፤ እንዳይሰማ ይሸፍነዋል እንጂ። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የማታ እንቅልፍንም ይነሣል። በነጋታው ደግሞ ድካሙ ከነዕዳው ይመጣል።

ቀኑን እንከፋፍለው

ሰዓቱን ማሳጠር በእጃችን ባይሆን እንኳን መከፋፈል እንችላለን። አንድ ከባድ ጆንያ በአንድ ጊዜ የማይነሣ ከሆነ በሁለት በሦስት ተከፍሎ ይነሣል፤ ረጅም ቀንም እንደዚሁ ነው።

ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የሆነ ነገር ይቅመሱ። ጊዜ ከሌለ በውኃ የተበጠበጠ በሶ ወይም ዳቦ ከለውዝ ቅቤ ጋር ይበቃል። መርካቶ ደርሰው የሚበሉ ከሆነ ፉል ጥሩ ቁርስ ነው፤ ባቄላው ፕሮቲንና አሠር ስላለው ሆድ ውስጥ ይቆያል። በባዶ ሆድ ቡና ብቻ መጠጣት ቁርስ አይባልም።

ምሳዎን በምሳ ዕቃ ይዘው ይምጡ። በሽሮ፣ በምስር ወይም በአተር ክክ የተበላ እንጀራ ከሳምቡሳና ከለስላሳ በዋጋም በጥቅምም ይሻላል። ቆጮ ለሚያዘወትሩ ወገኖቻችን ደግሞ ቆጮ ሆድ ቢይዝም ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ጎመንና አይብ፣ ወይም ጥራጥሬ ቢጨመርበት መልካም ነው። ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ሲኖር ሰውነት ከጥራጥሬው የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። ሻይና ቡና ግን ይህን ስለሚቀንሱ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ፤ ይህ በተለይ የደም ማነስ ላለባቸው እህቶች ይጠቅማል።

አንድ ሃይላንድ ውኃ ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጡና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይጠጡ። ሽንት ጠቆር ካለ ውኃ አንሷል ማለት ነው። በቦርሳ ውስጥ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሙዝ ወይም ጥቂት ቴምር ቢኖር አሥር ሰዓት ላይ የሚመጣውን ረሃብ ያስታግሳል።

የሰላት ወቅቶች ለሙስሊም ሠራተኛ ቀኑን በተፈጥሮው ይከፋፍሉለታል። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ ሲደርሱ ወደ አንዋር መስጊድም ሆነ በአቅራቢያ ወዳለ መስገጃ መሄድ ለባት ጡንቻ እርምጃ ነው፤ ውዱእ ለደከመ እግር ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ መጸዳጃም በዚያው ይገኛል። ዋናው ዓላማ ዒባዳ ቢሆንም ለሰውነትም ዕረፍት ይሆናልና ሱቅ እንዳይዘጋ ተብሎ እየተጣደፉ መሮጥ ይህን ጥቅም ያሳጣል። ከዙህር በኋላ ጎን ማሳረፊያ ካለ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀይሉላ መተኛት ከሰዓት በኋላ ያለውን ድካም ያቃልላል።

ለእግርዎ ደግሞ የሚከተሉትን ያድርጉ፦

1. በሲሚንቶው ላይ የታጠፈ ካርቶን ወይም ወፍራም ምንጣፍ አንጥፈው ይቁሙ።
2. ከባንኮኒው ኋላ ዝቅ ያለ ሣጥን ያኑሩና አንዱን እግር ካንዱ እያፈራረቁ ያሳርፉበት፤ ወገብ ያርፋል።
3. ደንበኛ ሲጠፋ በዱካ ላይ ይቀመጡ። ቆመው ሳሉም በጣቶችዎ ላይ ከፍ ዝቅ እያሉ ባትዎን ያሠሩ።
4. ጫማ የሚገዙት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር አበጥ ብሎ ሳለ የተመቸ ጫማ ቀኑን ሙሉ ይመቻል።
5. ቦንዳ ወይም ጆንያ ሲያነሡ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ሸክሙን ወደ ደረትዎ አስጠግተው ይነሡ እንጂ ከወገብ አይጎንበሱ። ከከበደ ለሁለት ይነሣ።
6. ማታ ቤት ሲገቡ ጋደም ብለው እግርዎን በትራስ ወይም በግድግዳ ላይ ለ15 ደቂቃ ከልብዎ ከፍታ በላይ ያሳርፉ።

እራትን በተመለከተ፣ ከባድ ምግብ በልቶ ወዲያው መተኛት ቃርና ማቃጠልን ያመጣል። የሚቻል ከሆነ ከመግሪብ በኋላ ሱቅ ውስጥ ሆነው ዋናውን እራት ይብሉ፤ ቤት ሲገቡ ቀለል ያለ ነገር ይበቃል። ቡናን ከዐስር በኋላ መተው ይመረጣል፤ በአሥራ አንድ ሰዓት የተጠጣ ቡና ካፌይኑ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይም ግማሽ ያህሉ ከደም አይወጣም።

በረመዷን ሰሞን፣ ገበያው ለዒድ ሲደራ ጥንቃቄው ይጨምራል። ሱሑርን አለመተው፣ በሱሑር ጥራጥሬና ውኃ ማብዛት፣ ጨው የበዛበትን መቀነስ፣ ኢፍጣር በሱቅ ከሆነም በቴምርና በውኃ ጀምሮ የተጠበሰውን ማሳነስ ይበጃል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም

አንዳንድ ምልክቶችን «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ከጠዘጠዘና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ደረትን ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም፣ የፊት ወይም የአንድ ጎን ክንድ ድንገት መዛል፣ የንግግር መንተባተብ አፋጣኝ ሕክምና ይፈልጋሉ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ሽንትም እንደዚሁ። ዕድሜዎ ከ30 ካለፈ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳን የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም።

ለሱቅ ባለቤቶች

የብዙ ሱቆቻችን ባለቤቶች ራሳቸው በተቀጣሪነት ጀምረው የደረሱ ናቸው፤ የእግር እብጠቱን ከእኛ በላይ ያውቁታል። አንድ ዱካ ከባንኮኒው ኋላ ማስቀመጥ ገበያ አያጠፋም። ሁለት ሠራተኞች ካሉ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ እንዲገባ ማድረግ፣ አንድ ብቻ ከሆነም ማታውን ባለቤቱ ራሱ ወይም ቤተሰቡ እንዲሸፍን ማድረግ ይቻላል። ቁርጥ ያለ የምሳ ሰዓት መስጠትም ይገባል፤ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ደግሞ ሕጉ የሚያዘው ነው። የደከመ ሻጭ ሒሳብ ይሳሳታል፣ ደንበኛ ይቆጣል፣ ይታመማል፣ በመጨረሻም ይለቃል። የሠራተኛው ጤና የሱቁም ሀብት ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን አማና ነው።

ተቀጣሪ ወገኖቻችንም ይህን ከባለቤቱ ጋር በአክብሮት መነጋገር አይፈሩ። «ጋሼ፣ ማታውን ቆይቼ እዘጋለሁ፤ ጠዋት ግን በአራት ሰዓት ልግባ» ማለት ስንፍና አይደለም። በመግቢያችን ላይ ያየናት እህት ይህን አንድ ነገር ብታገኝ ቁርሷን ከታናናሾቿ ጋር ትበላለች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ትተኛለች፣ ምሽት ላይም በተሻለ ጉልበት ትቆማለች።

አላህ ለሁላችንም ጤናና በረካ ያለው ሪዝቅ ይስጠን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም።