ለቤት ቢሮ የሚሆን ሦስት በአንድ ፕሪንተር አመራረጥ

ሦስት በአንድ ፕሪንተር ማተሚያን፣ ስካነርንና ፎቶ ኮፒን በአንድ አካል የያዘ መሣሪያ ነው። ከላይ ያለው ክዳን ሲነሣ ሰነድ የሚዘረጋበት መስታወት ይታያል፤ ማተሚያው ያለው ከሥሩ ነው። ኮፒው ራሱን የቻለ ሦስተኛ ማሽን ሳይሆን ስካነሩ ያነበበውን ገጽ ኮምፒዩተር ሳያስፈልገው ለማተሚያው የሚያቀብልበት ሥራ ነው። ፋክስ የተጨመረባቸው «አራት በአንድ» ይባላሉ። ስካነሩ ከመብራት በቀር የሚፈጀው ነገር ስለሌለ የመሣሪያው ወጪ ሁሉ የሚመጣው ከማተሚያው ነው። ምርጫውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ማተሚያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ኢንክጄት ፈሳሽ ቀለምን ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ወረቀት ላይ ይረጫል። ካኖንና ኤችፒ ቀለሙን በቅጽበት አሙቀው በሚፈጠረው አረፋ ግፊት ያስወጡታል፤ ኤፕሰን ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቅርጹን በሚለውጥ ትንሽ ክፍል ይገፋዋል። ሌዘር ፕሪንተር የሚጠቀመው ቶነር የተባለ ደረቅ ዱቄት ነው። የሌዘሩ ብርሃን ድራም በሚባለው ተሽከርካሪ በርሜል ላይ የገጹን ምስል በኤሌክትሪክ ሙል ይስላል፤ ዱቄቱ በተሳለው ቦታ ላይ ብቻ ተጣብቆ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል፤ በመጨረሻም ፊውዘሩ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ሙቀት አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። የዚህን የደረቅ ቅጂ ዘዴ መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሙከራው የተሳካለት እ.ኤ.አ. በ1938 ኒው ዮርክ ውስጥ ነበር። ዘዴው ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ፕሪንተር መልክ በሰፊው ለገበያ የቀረበው ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1984 ሌዘርጄትን ሲያወጣ ነው። የዚያን ጊዜ ዋጋው 3,495 ዶላር ስለነበር ለመኖሪያ ቤት የሚታሰብ ዕቃ አልነበረም።

ፈሳሽና ዱቄት መሆናቸው በሥራ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ፈሳሽ ቀለም ይደርቃል። ኢንክጄት ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆየ ቀዳዳዎቹ ሊደፈኑ ይችላሉ፤ እነሱን ለማጽዳት በሚደረገው ጥረትም ብዙ ቀለም ይባክናል። ቶነር ግን ወራት ቢቀመጥም ምንም አይሆንም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያትም፣ የሚያትመውም ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ ለሆነ ሰው ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር ይመቻል። ፎቶ፣ ባለቀለም ማስታወቂያ ወይም የልጆች የትምህርት ጽሑፍ በየሳምንቱ ለሚያትም ደግሞ ኢንክጄት ይሻላል። ባለቀለም ሌዘር አራት ቶነር ስለሚፈልግ በአነስተኛ በጀት ለሚሠራ የቤት ቢሮ እምብዛም አያዋጣም።

ኢንክጄትም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፤ ካርትሪጅ የሚገባበትና የቀለም ታንክ ያለው። ካርትሪጅ የሚገባባቸው ማሽኖች ሲገዙ ርካሽ ናቸው። አምራቾቹ ማሽኑን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም ያለ ትርፍ ሸጠው ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከካርትሪጁ ነው። ሦስቱን ቀለማት በአንድ ላይ የያዘ ካርትሪጅ ሲሆን ብክነቱ ይብሳል፤ አንዱ ቀለም ሲያልቅ የቀሩት ሁለቱ አብረው ይጣላሉ። ይህን ውድነት ለማምለጥ በተለያዩ የእስያ አገሮች ተጠቃሚዎች ፕሪንተራቸው ላይ ከውጭ የቀለም ጠርሙስ በቱቦ መቀጠል ጀመሩ። ኤፕሰን ልማዱን አይቶ ታንኩን ከፋብሪካ ያካተተ ፕሪንተር እ.ኤ.አ. በ2010 በመጀመሪያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለገበያ አቀረበ፤ ካኖን፣ ኤችፒና ብራዘርም ተከተሉት። ታንክ ያለው ፕሪንተር ሲገዛ ይወደዳል፤ ቀለሙ ግን በጠርሙስ ተገዝቶ ስለሚሞላ አንድ ገጽ የሚያስወጣው ወጪ በእጅጉ ይወርዳል።

ርካሹን ከውዱ ለመለየት የሚያስችለው መለኪያ የገጽ ዋጋ ነው። የካርትሪጁ፣ የቶነሩ ወይም የጠርሙሱ ዋጋ ሊያትም ለሚችለው የገጽ ብዛት ይካፈላል። የገጹ ብዛት በማሸጊያው ወይም በአምራቹ መግለጫ ላይ ይገኛል፤ የሚለካውም በዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ለጥቁር ቶነር ኢሶ 19752፣ ለባለቀለም ኢንክጄት ኢሶ 24711። ለምሳሌ በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው የኤችፒ 85ኤ ቶነር 1,600 ገጽ፣ የኤፕሰን ኤል 3250 ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ ያትማሉ ተብሎ ተመዝግቧል። የጥቁር ቶነር ቁጥር የሚገምተው ከገጹ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም የተሸፈነ ጽሑፍን ነው። ፎቶ ወይም የጠቆረ ሰንጠረዥ ሲበዛበት የገጹ ብዛት ይቀንሳል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው የመጀመሪያ ቶነር ወይም ካርትሪጅም በብዙ ሞዴሎች ላይ ሙሉ አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዱ ማሽን 8,000 ብር ተገዝቶ ለአንድ ገጽ 6 ብር ቢያስወጣ፣ ሌላው 20,000 ብር ተገዝቶ ለአንድ ገጽ 50 ሳንቲም ቢያስወጣ፣ በግዢ ላይ ያለው የ12,000 ብር ልዩነት የሚካካሰው 2,200 ገጽ ገደማ ሲታተም ነው። በወር 300 ገጽ የሚያትም ሰው በስምንተኛው ወር ከውዱ ማሽን ማትረፍ ይጀምራል። በወር 20 ገጽ ብቻ ለሚያትም ግን ልዩነቱን ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል፤ ማሽኑ ያን ያህል መቆየቱም ያጠራጥራል። እንግዲህ ከመግዛት በፊት በወር የሚታተመውን ገጽ መገመት የግድ ነው።

የገጽ ዋጋ ሲሰላ የማይረሳ ሌላም ነገር አለ። በኤችፒ 85ኤ ዓይነት ቶነሮች ላይ ድራሙ ከካርትሪጁ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ቶነር በተቀየረ ቁጥር ድራሙም ይታደሳል። በብራዘር ማሽኖች ላይ ግን ድራሙ ለብቻው ነው፤ በትናንሾቹ ሞዴሎች 12,000 ገጽ ገደማ ካተመ በኋላ በራሱ ዋጋ ይገዛል። ቶነር አስሞልቶ መጠቀም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተለመደ ወጪ መቀነሻ ነው፤ ድራሙ ያረጀ ከሆነ ግን ቶነሩ ቢሞላም በገጹ ላይ መስመርና ነጠብጣብ መታየቱ አይቀርም። አዳዲስ ሞዴሎች ቶነሩንና ካርትሪጁን የሚለዩት በቺፕ ስለሆነ የተሞላውን ወይም የሌላ አምራች የሆነውን አልቀበልም ሊሉ ይችላሉ። በሞዴል ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደል ያለባቸው የኤችፒ ፕላስ ማሽኖች ደግሞ የኢንተርኔት ግንኙነትና የኤችፒ ኦሪጅናል ቀለም ይጠይቃሉ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና ኦሪጅናል ቀለም እንደልብ በማይገኝበት ቦታ እነዚህን አለመግዛት ይመረጣል።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣው ፕሪንተርም ጥንቃቄ ይሻል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሌዘር ፕሪንተር በአብዛኛው ለ120 ቮልት ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ብዙ ኢንክጄቶች ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ይህም በጀርባቸው ባለው ምልክት ላይ ይነበባል። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ አምራቾች ካርትሪጃቸውን በዓለም ክፍል ስለሚከፋፍሉ አሜሪካ ውስጥ የተገዛ ማሽን እዚህ የሚሸጠውን ካርትሪጅ ላይቀበል ይችላል።

የመብራት ሁኔታም ከምርጫው አይነጠልም። ሌዘር ፊውዘሩን ለማሞቅ በቅጽበት ብዙ ኃይል ስለሚስብ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሊሰካ አይገባም። ታንክ ያለው ትንሽ ኢንክጄት ሲያትም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዋት ስለማይበልጥ በዩፒኤስ ወይም በአነስተኛ ኢንቨርተር መሥራት ይችላል። ሆኖም ኢንክጄትን ከሶኬት ነቅሎ ማጥፋት ተገቢ አይደለም። በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ የሕትመት ጭንቅላቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ስለሚከደን ቀለሙ አይደርቅም።

ስካነሩን በተመለከተ ለሰነድ 300 ዲፒአይ ጥራት ይበቃል፤ ለፎቶ 600 በቂ ነው። በመግለጫው ላይ የሚታዩት ከዚህ የገዘፉ ቁጥሮች ለቤት ቢሮ የሚጨምሩት ጥቅም ጥቂት ነው። በርካሽ ማሽኖች ላይ ያለው ስካነር ጥርት አድርጎ የሚያነበው መስታወቱን የነካውን ብቻ ስለሆነ ወፍራም መጽሐፍ ሲዘረጋበት በጥራዙ በኩል ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል። ባለብዙ ገጽ ውል ወይም ፋይል አዘውትሮ ስካን ለሚያደርግ ወረቀቱን ራሱ እየሳበ የሚያነብ መጋቢ ያለው ማሽን ጊዜ ይቆጥባል። የመታወቂያን ሁለት ገጽታ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያወጣው የመታወቂያ ኮፒ ቁልፍም ጠቃሚ ነው። የአማርኛ ሰነድን ስካን አድርጎ ወደሚታረም ጽሑፍ መለወጥ ከተፈለገ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም የግዕዝ ፊደልን ላይለይ ስለሚችል፣ አማርኛ የሚያነበውን ቴሰራክትን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል።

ለአንድ ኮምፒዩተር የዩኤስቢ ገመድ ይበቃል። ከስልክ ወይም ከብዙ ኮምፒዩተሮች የሚታተም ከሆነ ዋይፋይ ያስፈልጋል። ብዙ ርካሽ ሞዴሎች የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ በመሆኑ የቤቱ ራውተር ይህን ሞገድ መክፈቱ ይረጋገጣል። ዋይፋይ ዳይሬክት ያለው ማሽን ራውተር ባይኖርም ከስልክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ወረቀቱን ራሱ ገልብጦ በሁለቱም ገጽ የሚያትም ማሽን የወረቀት ወጪን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ይህ የሌለው ማሽን የመገልበጡን ሥራ ለተጠቃሚው ይተወዋል።

ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ማሽኑ ሱቁ ውስጥ ተከፍቶ ይፈተሻል። ኢንክጄት ከሆነ የቀዳዳ መፈተሻ ገጽ ይታተማል፤ በመስመሮቹ ላይ ክፍተት ከታየ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው። ያገለገለ ሌዘር ከሆነ የማሽኑ የሁኔታ ገጽ እስካሁን ስንት ገጽ እንዳተመ ያሳያል። ቀጥሎ አንድ ሰነድ ስካንና ኮፒ ይደረጋል፤ ዋይፋዩም በስልክ ይሞከራል። የዚያው ሞዴል ቀለም ወይም ቶነር በአካባቢው ገበያ መኖሩና ዋጋው ይጠየቃል፤ ዋስትናውም የሻጩ ይሁን የአምራቹ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ይደረጋል።