ከጡት ነቀርሳ በኋላ ስለሚኖረው የወጣት ሴቶች ኑሮ

የጡት ነቀርሳን (ካንሰርን) ብዙዎቻችን የአሮጊቶች ደዌ አድርገን እንቈጥረዋለን። በአገራችን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ የ1,070 ሴቶች ታሪክ ተመርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 በታተመ ጊዜ፥ ግማሽ ያህሉ ገና 43 ዓመት ያልሞላቸው መሆናቸው ታውቋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ ነው። ስለዚህ በሽታው የሚያገኛት ሴት ብዙ ጊዜ ልጅ የምታጠባ፥ ወይም ለጋብቻ የታጨች፥ ወይም በሰሌዳ ፊት ቆማ የምታስተምር ናት።

ሐኪሙ «ትድናለችን?» ብሎ ሲመረምር እርሷ በልቧ «ድኜስ እንዴት ልኖር ነው?» ትላለች። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እብጠቱን ደብቃ የምትቀመጥ፥ ሕክምናውንም ጀምራ የምታቋርጥ ሴት ሞትን ንቃ ላይሆን ይችላል፤ ከሕክምናው በኋላ የሚጠብቃትን ኑሮ ፈርታ ነው እንጂ።

የበቆጂን ሴት እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአርሲ ደጋ ላይ የተቀመጠች፥ ገብስና ስንዴ የሚታፈስባት ናት። ከዚያ አሰላ ለመድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ፥ ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። የጨረር ሕክምና በ1990 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ከተጀመረ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ በመላው ኢትዮጵያ ከዚያ በቀር አልነበረም፤ ጅማን በመሰሉ ከተሞች የተከፈተው በቅርብ ዓመታት ነው። ርቀቱ የገንዘብ ነገር ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የሴቲቱን አካል ጭምር ይወስናል። የአሜሪካዊው ሐኪም የዶክተር በርናርድ ፊሸር ጥናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 እንዳሳየው፥ በጊዜው የተገኘ እብጠት ብቻውን ወጥቶ ጨረር ቢከተለው፥ ሴቲቱ ጡቷ በሙሉ ከተቈረጠላት እኩል ዕድሜ ታገኛለች። ጨረር ካልተገኘ፥ ወይም እብጠቱ ካደገ በኋላ ከመጣች ግን፥ ሐኪሙ ጡቱን በሙሉ ማንሣት ግድ ይሆንበታል።

የታማሚዋን ኑሮ ለመመዘን የአውሮፓ የነቀርሳ ተመራማሪዎች ድርጅት ለማንኛውም የነቀርሳ ታማሚ 30፥ ለጡት ነቀርሳ ደግሞ 23 ተጨማሪ ጥያቄዎች አዘጋጅቷል፤ ወደ አማርኛም ተመልሰው በአገራችን ተሠርቶባቸዋል። ታማሚዋ ስለ እንቅልፏና ስለ ድካሟ፥ ስለ ቤተሰቧና ስለ ገንዘብ ችግሯ፥ ስለ ጠጕሯ መርገፍ፥ ገላዋንም ማየት ይከብዳት እንደ ሆነ ትጠየቃለች። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከባድ የገበያ ዘንቢል ወይም ሻንጣ መሸከም ያስቸግራት እንደ ሆነ ይመረምራል። ለበቆጂ ሴት ሻንጣ ምኗ ነው? እርሷን መጠየቅ የሚገባው ስለ ውሃ ጀሪካንና ስለ ገብስ ስልቻ ነው።

የክንድ ነገር በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። ቀዶ ጥገናው በብብት ያሉትን ንፍፊቶች ሲያነሣ በክንዱ ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ፥ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሳይቀር፥ ክንዱ ሊያብጥ ይችላል። ቀድሞ ሐኪሞች ሴቲቱ በዚያ እጇ ከባድ ነገር እንዳታነሣ ያዝዙ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የታተመ ጥናት ግን በአሠልጣኝ እየተመሩ ክብደትን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማንሣት እብጠቱን እንደማያባብስ አሳይቷል። ስለዚህ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥ፤ በሐኪም ምክር ከቀላሉ ጀምራ ታለማምደው። ዋናው ጥንቃቄ ለቆዳው ነው፤ ከምጣድ ቃጠሎ፥ ከማጭድ ጭረት፥ ከእሾህም ይጠበቅ። ክንዱ ቀልቶ ቢግል፥ ትኵሳትም ቢነሣ፥ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

የሕክምናው ድካም በመተኛት ብቻ አይለቅም፤ በመጠኑ መራመድ እንደሚቀንሰው በብዙ ጥናት ታውቋል። በዚህ ረገድ በቆጂ የታደለች ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያሸነፈችውን ደራርቱ ቱሉን ያፈራች ከተማ ስለሆነች፥ ማለዳ በእግሯ የምትፈጥንን ሴት ማንም ዞሮ አያያትም።

ከሁሉ የሚከብደው የወሊድ ነገር ነው። በጥቁር አንበሳ በተደረገ ምርመራ ከታማሚዎቹ ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ነቀርሳቸው በሆርሞን የሚነዳ ዓይነት ነበር። ለእነዚህ ታሞክሲፌን የሚባለው ርካሽ ኪኒን በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይታዘዛል፤ ያን በሚወስዱበት ጊዜ ማርገዝ አይገባም። በመርፌ የሚሰጠውና በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያም ሆርሞን ስላለበት አይስማማቸውም፤ ሐኪሙ ሆርሞን የሌለውን ይመርጥላቸዋል። ይህን የሰማች የ27 ዓመት ሙሽራ ልጅ የመውለድ ተስፋዋ ያለቀ ይመስላታል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 የታተመ፥ 516 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፥ ኪኒኑን ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለመውለድ እስከ ሁለት ዓመት ባቋረጡት ላይ፥ በጥናቱ አጭር ዘመን ውስጥ በሽታው ከሌሎቹ ይልቅ እንዳልተመለሰባቸው አሳይቷል። ማቋረጡ በሐኪም ፈቃድ እንጂ በራስ አይደረግም። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ባልና ሚስት አብረው ከሐኪሙ ፊት ቀርበው ይህን ቢጠይቁ ኋላ ከሚመጣ ብዙ ቅያሜ ይድናሉ። በሽታው በአንድ ማዕድ በመብላትም ሆነ በአንድ አልጋ በመተኛት እንደማይተላለፍ ባልየው ከሐኪሙ አፍ ቢሰማው ይበጃል።

ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሰነብቱ ችግረኞች ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባቸዋል፤ ብዙዎች ባለማወቅ በመንገድ ወጪ ተሸንፈው ይቀራሉ። ታማሚዋ መምህርት የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አንድ ነገር ያስተውል። የነቀርሳ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ የሚከብደው በአብዛኛው የመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን ቀሪዎቹ ቀናት ይቀላሉ። ሰሌዳው በዚህ ልክ ከተደለደለላትና በከባዱ ሳምንት ባልደረባ ከተተካላት፥ ክፍሏን ሳትለቅ ዓመቱን ልትጨርስ ትችላለች።