ወፍጮ፣ ሽመናና ጡረታ በአውራ አምባ

በአማራ ክልል በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ከዓለም በር ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው አውራ አምባ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩና በጥቂት ተከታዮቻቸው የተመሠረተች፣ አምስት መቶ ገደማ ነዋሪዎች ያሏት የገበሬ መንደር ናት። ስሟ የገነነው በወንድና ሴት እኩልነት ነው። ይሁን እንጂ ለኑሮ የሚያስፈልጓትን አገልግሎቶች በራሷ አቅም ያደራጀችበት መንገድም የዚያኑ ያህል ሊጠና ይገባዋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የመሬት ጥበት ነው። ነዋሪዎቹ በደርግ ዘመን ወደ ቦንጋ ተሰደው ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ለ500 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 350 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሚደርስ፣ በእርሻ ብቻ መኖር እንደማይቻል ግልጽ ነበር። ስለዚህ ወደ ሽመና፣ ቀጥሎም ወደ እህል ወፍጮ ፊታቸውን አዞሩ። ወፍጮው ለመንደሩ ገቢ ከማስገኘቱም በላይ የአካባቢው ገበሬዎች እህላቸውን የሚያስፈጩበት ሆኗል፤ በመጅ፣ ማለትም በእጅ በሚገፋው የላይኛው ድንጋይ፣ እህል ስትፈጭ ጉልበቷን ትጨርስ ለነበረች ሴትም ከእፎይታ ሁሉ የሚበልጥ እፎይታ ነው።

ያው አሳብ በማድ ቤቱ ውስጥም ይታያል። ምድጃው ዙሪያውን በጭቃ የተገነባ፣ ሙቀቱን አምቆ የሚይዝና ጭሱን በጭስ መውጫ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በመሆኑ፣ በክፍት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ይልቅ ማገዶ ይቆጥባል፣ የጋጋሪውንም ዐይንና ሳንባ ከጭስ ይጠብቃል። ጋጋሪው ደግሞ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ሴትም እርፍ ጨብጣ ታርሳለች።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው። በሌሎች የገጠር አካባቢዎች ሰው የሚረዳዳው በደቦ፣ ማለትም ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን እርሻ በሚያርስበት ወይም ሰብሉን በሚያጭድበት ልማድ፣ እንዲሁም በእድር፣ ማለትም በሐዘን ጊዜ በሚደርስ ማኅበር ነው። ሁለቱም የከበሩ ሥርዓቶች ቢሆኑም፣ ልጅ አልባ ሆነው ያረጁትን በየቀኑ የሚያበላና የሚያጥብ ተቋም ግን አይፈጥሩም። አውራ አምባ ይህን ክፍተት ከሳምንቱ ቀናት አንዱን ለችግረኞች የሚሠራበት ቀን አድርጋ በመመደብ ሸፍናዋለች።

እርግጥ መንደር ሁሉን ብቻዋን አትችልም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ በየቀበሌው በሚገኝ ጤና ኬላ ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቦ ክትባትንና የእናቶች ክትትልን ወደ ገበሬው ደጅ ያደረሰው በመንግሥት አቅም ነው። አውራ አምባ ገቢን በእኩል የምትካፈልበትን ሥርዓትና የተደራጀ ሃይማኖት የማትከተልበትን አቋም ሌሎች ቀበሌዎች መቀበል ይከብዳቸው ይሆናል፤ ወፍጮውን፣ ጭስ አልባውን ምድጃና የአረጋውያኑን ቤት ለመውሰድ ግን ያን ያህል የሚያግዳቸው ነገር የለም።